ፐርሲን ቆቦ ውስጥ ማን ያገኘዋል?

ፐርሲ የ14 ዓመት ልጅ ነው። ስምህን ጻፍ ሲሉት ፊደላቱን አቀያይሮ ይጽፈዋል፤ ደጋግመው ካላሳዩት መሳሳቱ አይታወቀውም። ይኸው ልጅ 749ን በ867 አባዛ ሲባል ግን ፈጥኖ ያባዛል፣ መልሱም ልክ ነው። ዓይኑ ጤነኛ ነው፤ በጨዋታም ከእኩዮቹ አያንስም። ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ በትምህርት ቤትም በግል አስጠኚም ንባብ እንዲገባው ያልተደረገ ጥረት የለም። ትርፉ አጫጭር ቃላትን እየታገሉ መቁጠር ብቻ ሆነ። ለዓመታት ያስተማሩት መምህር፣ ትምህርት ሁሉ በቃል ቢሰጥ ኖሮ ከትምህርት ቤቱ ልጆች ይህን የሚስተካከለው ባልተገኘ ነበር ብለው መስክረውለታል።

ይህን የጻፉት በደቡብ እንግሊዝ ሲፎርድ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ይሠሩ የነበሩት ሐኪም ፕሪንግል ሞርጋን ናቸው። ጽሑፋቸው በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የወጣው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 7 ቀን 1896 ነው፤ የአድዋ ድል ገና ስምንት ወሩ ነበር። ዛሬ ዲስሌክሲያ የምንለው የንባብ ችግር፣ አብሮት በተወለደ ልጅ ላይ ተለይቶ ሲጻፍ የመጀመሪያው ተደርጎ የሚቆጠረው ይህ የፐርሲ ታሪክ ነው።

ሐኪሙ አስተዋይ ሰው መሆናቸው አያጠራጥርም። ነገር ግን ፐርሲ የተገኘው በሐኪሙ አስተዋይነት ብቻ አይደለም። ልጁ ከበቂ በላይ ተምሮ ስለነበር ነው የተገኘው። መምህር አልጠፋም፣ መጽሐፍ አልጠፋም፣ ቤተሰቡም ችላ አላለም፤ ሰበብ ሊሆን የሚችለው ሁሉ አንድ በአንድ ሲነሳ ችግሩ ብቻውን ሜዳ ላይ ቀረ።

የቆቦውን ልጅ ደግሞ እናስበው። ከወልድያ ወደ ሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከአዲስ አበባ በደሴ አድርጎ ወደ መቀሌ የሚዘልቀው አስፋልት መሐል ለመሐል የሚያልፍባት ከተማ ናት፤ በስተምሥራቅ የዞብል ተራሮች፣ ዙሪያዋን የማሽላና የጤፍ ማሳ። ልጁ ሦስተኛ ክፍል ነው እንበል። ከማሽላው ዓይነት ደጋሊቱን ከጅጉርቲው አይቶ ይለያል። ወንዞቹ ሆርማትና ጎልና ሲሞሉ ጎርፉ በየት በኩል ወደ ማሳ እንደሚጠለፍ ከአባቱ ተምሯል። ገበያ ሲላክ መልስ አይሳሳትም። መጽሐፍ ሲሰጠው ግን ያቀረቅራል፤ ተራው ሲደርስ ከጎኑ ያለው ልጅ ሹክ ያለውን ይደግማል። ክፍሉ ውስጥ እንደ እርሱ የሚያቀረቅሩት ብዙ ናቸው። አንዱ የከብት ጠባቂ ተራ ስለሆነ ከሳምንቱ ሁለት ቀን አይመጣም። ሌላዋ ቁርስ ሳትበላ ነው የመጣችው። ሦስተኛው ደግሞ በጦርነቱ ከቤተሰቡ ጋር ተፈናቅሎ ፊደል የሚቆጥርበትን ዓመት መንገድ ላይ ያሳለፈ ነው።

ይህ የመጨረሻው ቀላል ነገር አይደለም። ቆቦ ከሐምሌ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም በጦርነት እጅ ወድቃ ቆየች፤ ነሐሴ 2014 ላይ ደግሞ እንደገና። ከዚያም በኋላ በክልሉ የትምህርቱ ነገር እየተቆራረጠ ነው የቀጠለው። ታዲያ ክፍሉ ካቀረቀረው ሁሉ መካከል ማን ያልተማረ፣ ማን የራበው፣ ማን ፐርሲ እንደሆነ በምን ይታወቃል?

ቆቦ ያለችበት የራያ ገበሬ አረሟን አቀንጭራን ያውቃታል። ሐምራዊ አበባዋን ከመሬት በላይ ስታወጣ ሰው ያያታል፤ እርሷ ግን ያን ጊዜ ከማሽላው ሥር ተጣብቃ ስትመጠው ሰንብታለች። የንባብ ችግርም ብቅ የሚለው ዘግይቶ ነው። ከ1986 ዓ.ም የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ጀምሮ በታችኞቹ ክፍሎች ልጆች ሳይወድቁ እንዲያልፉ ሲደረግ በመኖሩ፣ ማንበብ ያልቻለ ልጅ አራተኛ ክፍል እስኪደርስ የሚያስቆመው አልነበረም።

ለጥያቄው መልስ ለማግኘት መቶ ዓመት ያህል የፈጀ ፍለጋ አለ። አካሄዱ ቀጥ ያለ አልነበረም፤ የሚበዛው ዘመን የባከነው የተሳሳተ ቦታ ሲፈለግ ነው።

ፍለጋው የተጀመረው ከዓይን ነው። ሞርጋን ራሳቸው መነሻ ያደረጉት የግላስጎው የዓይን ሐኪም የጄምስ ሂንሸልዉድን ጽሑፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1895 ሂንሸልዉድ፣ አንድ ጠዋት ተማሪው ያቀረበለትን የፈረንሳይኛ መልመጃ ማንበብ ስላቃተው የቋንቋ አስተማሪ ጽፈው ነበር። ሰውየው ቁጥሮቹን ያለ ችግር ያነባቸዋል፤ ፊደሎቹን ያያቸዋል፤ ግን አይነበቡለትም። ከእርሳቸውም በፊት፣ በ1887፣ ዲስሌክሲያ የሚለውን ስም ያስተዋወቁት ሩዶልፍ በርሊን የሽቱትጋርት የዓይን ሐኪም ነበሩ። ማንበብ ያቃተው ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ዓይን ሐኪም ስለሆነ ጉዳዩ የዓይን ጉዳይ ሆኖ ቀረ። በእኛም አገር እስከ ዛሬ የሚባለው ይኸው ነው፤ “ዓይኑን ይታይ”። መታየቱ አይከፋም፤ መነጽር ግን ዲስሌክሲያን አያድንም።

ሂንሸልዉድ የቃላት ምስል የሚቀመጥበት የአንጎል ክፍል ጎድሏል ብለው ደመደሙ። ስለ ምክንያቱ ተሳስተዋል፤ ስለ አያያዙ የመከሩትን ሳነብ ግን ትናንት የተጻፈ ይመስለኛል። እንዲህ ያለውን ልጅ ከሌሎች ጋር ክፍል ውስጥ አታስነብቡት፤ ለብቻው አስተምሩት፤ ትምህርቱ አጭር ይሁን፣ ግን በቀን ውስጥ ይደጋገም ነው ያሉት።

ተመሳሳይ ነገር በአሜሪካዊው ሐኪም በሳሙኤል ኦርተንም ላይ ደረሰ። አዮዋ ውስጥ ትምህርት ቤት ለትምህርት ቤት እየተዘዋወሩ ልጆች የመረመሩት ኦርተን፣ እ.ኤ.አ. በ1925 ችግሩ የፊደል መገልበጥ ነው አሉ፤ ግራና ቀኙ አንጎል ስላልተስማሙ ፊደሉ በመስታወት እንደታየ ይገለበጣል ብለው። ይህም አልጸናም። ፊደል መገልበጥ በጀማሪ ልጆች ሁሉ የሚታይ ነገር ነው። ነገር ግን ኦርተንና የሥራ ባልደረባቸው አና ጊሊንግሃም ያወጡት የማስተማሪያ መንገድ እስካሁን አለ። ልጁ ፊደሉን ያያል፣ ድምፁን ይሰማል፣ ራሱ ይለዋል፣ በጣቱም ይጽፈዋል፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ። አስተማሪውም ከአንድ ልጅ ጋር ነው የሚቀመጠው። ምክንያቱን ስቶ መድኃኒቱን ማግኘት በሕክምና ታሪክ ብርቅ አይደለም፤ እዚህ ግን ሁለት ጊዜ መሆኑ ይገርማል።

ፍለጋው ከዓይን ወደ ጆሮ የዞረው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ነው። ኢዛቤል ሊበርማንና ባልደረቦቿ ትንንሽ ልጆችን በእንጨት ጠረጴዛ እያስመቱ ያጫውቷቸው ነበር። ለተጠራው ቃል እያንዳንዱ ክፍለ ቃል አንድ ምት። ከአራት ዓመት ልጆች ግማሽ ያህሉ ቻሉት። ቀጥሎ ክፍለ ቃሉን ሳይሆን በውስጡ ያለውን እያንዳንዱን ድምፅ እንዲመቱ ተጠየቁ። ከአራት ዓመት ልጆች አንድም የቻለ አልተገኘም። አንደኛ ክፍል ሲጨርሱ ነው ከአስር ሰባቱ የቻሉት። “ማር” ሲባል “ማ” እና “ር” ማለት ለልጅ ቀላል ነው፤ “ማ” ራሱ ሁለት ድምፅ እንደሆነ መስማት ግን ሌላ ሥራ ነው።

በዚያው ዘመን ፍራንክ ቬሉቲኖ የዓይኑን ነገር የሚዘጋ አንድ ቀላል ሙከራ አደረገ። እንግሊዝኛ ማንበብ ያቃታቸውን ልጆችና ጎበዝ አንባቢዎችን ሰብስቦ፣ ሁለቱም አይተውት የማያውቁትን የዕብራይስጥ ፊደል ለአፍታ አሳይቶ ከትውስታቸው እንዲጽፉ አደረገ። እኩል ጻፉት። የፊደል መልክ መያዝ ቢያቅታቸው ኖሮ እዚህ ነበር የሚወድቁት። ያቃታቸው መልኩን ከድምፁ ጋር ማሰር ነው።

ቀጥሎ የመጣው ከሁሉ ይልቅ ለእኛ ይቀርባል። ኦክስፎርድ ውስጥ ሊኔት ብራድሊና ፒተር ብራያንት ገና ማንበብ ያልጀመሩ 400 ያህል ልጆችን ጆሮ ፈተኑ፤ ከተጠሩት ቃላት በድምፁ ከሌሎቹ የማይገጥመው የቱ ነው እያሉ። ከዚያም በዚህ ከደከሙት 65ቱን መርጠው ለአራት ከፈሏቸው። ትምህርት ካልተሰጠው አንድ ምድብ በቀር፣ እያንዳንዱ ልጅ በሁለት ዓመት ውስጥ 40 ጊዜ ለብቻው ከአስተማሪ ጋር ተቀመጠ። አንዱ ምድብ ድምፅ መለየት ተማረ፤ ሌላው ድምፅ መለየትን ከፕላስቲክ ፊደላት ጋር አዳብሎ ተማረ፤ ሦስተኛው ከድምፅ ጋር ያልተያያዘ ትምህርት ተሰጠው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1983 ኔቸር በተባለው መጽሔት ወጣ። ከሁሉ በልጠው የተገኙት ድምፁንም ፊደሉንም አንድ ላይ የተማሩት ናቸው። አርባ አጭር ትምህርት፣ በሁለት ዓመት። ይህን ያህል ቆቦም አያቅታትም።

ይህ ሁሉ ግን የተገኘው በአብዛኛው እንግሊዝኛ ላይ ነው፤ እንግሊዝኛ ደግሞ አጻጻፉ ከአነባበቡ ጋር የተኳረፈ ቋንቋ ነው። እንደተጻፈ የሚነበብ ቋንቋ ያለው ልጅስ? ኦስትሪያ ውስጥ ሃይንዝ ቪመር እ.ኤ.አ. በ1993 ያሳየው፣ ጀርመንኛ የሚማሩት ዲስሌክሲያ ያለባቸው ልጆች ቃሉን በአብዛኛው በትክክል እንደሚያነቡት፣ ግን እጅግ በዝግታ እንደሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ ኤራልዶ ፓውሌሱና ባልደረቦቹ ዲስሌክሲያ ያለባቸውን የጣሊያን፣ የፈረንሳይና የእንግሊዝ ጎልማሶች አንጎል ሲያነቡ በምስል አነጻጸሩ። ጣሊያናውያኑ በንባብ ፈተና ከሁለቱ የተሻሉ ነበሩ፤ በሦስቱም አንጎል ውስጥ የታየው ድክመት ግን በግራው በኩል በዚያው በአንድ ቦታ ላይ ነበር። የአገሩ አጻጻፍ ችግሩን ይሸፍነዋል ወይም ያጎላዋል እንጂ አያጠፋውም።

የእኛ ፊደል የት ይገባል? ግማሹ ዜና መልካም ነው። ፊደላችን የቆመው ሊበርማን ለልጅ ቀላል ሆኖ ባገኘችው መደብ ላይ ነው፤ “ማ” አንድ ምልክት፣ አንድ ክፍለ ቃል። ዮናስ አስፋሃና ባልደረቦቹ ኤርትራ ውስጥ በግዕዝ ፊደል ትግርኛና ትግረ የሚማሩትን፣ በላቲን ፊደል ሳሆና ኩናማ ከሚማሩት አንደኛ ክፍሎች ጋር አነጻጽረው እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት፣ የምልክቱ ብዛት ሳያግደው የግዕዙ ፊደል ለመማር ቀሎ ተገኝቷል።

ሌላው ግማሽ ግን አለ። ሠላሳ ሦስቱ ፊደል በሰባት ሲባዛ 231 ነው፤ ዲቃሎቹን ሳይጨምር። ካዕብ ብዙውን ጊዜ እግሩን ወገቡ ላይ፣ ሳልስ ከሥሩ ይቀጥላል፤ ቡ እና ቢን ማየት ይበቃል። ሳድስ ላይ ሲደርስ ግን ደንቡ ይፈርሳል፤ ልን፣ ብን፣ ርን፣ ድን ጎን ለጎን ብታስቀምጧቸው የጋራ መልክ የላቸውም። ሳድስ ደግሞ አንዴ ይነበባል፣ አንዴ ይዋጣል። “ትምህርት” የሚለውን ቃል እዩት፤ አምስቱም ፊደል ሳድስ ነው፤ የትኛው እንደሚነበብ የትኛው እንደሚዋጥ የሚያሳይ ምልክት የለበትም። የሚያውቀው ቃሉን የሚያውቅ ብቻ ነው። መጥበቅና መላላትም አይጻፍም። “ገና” በዓሉ ይሁን ጊዜው፣ ልጁ ከዐረፍተ ነገሩ ነው የሚለየው፤ ዐረፍተ ነገሩን ለመረዳት ደግሞ መጀመሪያ ማንበብ አለበት። የእኛን በሚመስል አጻጻፍ፣ በደቡብ ሕንድ ካናዳ በሚባለው ቋንቋ ላይ፣ ሶናሊ ናግ እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳየችው ልጆች ምልክቶቹን ሁሉ ለመያዝ ከመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ያለፈ ብዙ ጊዜ እንደሚፈጅባቸው ነው። ሁሉም ልጅ በሚዘገይበት ክፍል ውስጥ ደግሞ አንድ የዘገየ ልጅ ማንም አያስተውለውም።

ስለዚህ የቆቦው ፐርሲ እንደ እንግሊዙ ፊደል አዘባርቆ ላይታይ ይችላል። ይልቅስ ቀሰስተኛ ሆኖ ነው የሚታየው። “በ...ቆ...ሎ” ይልና ቃሉን ሲጨርስ መጀመሪያውን ረስቶታል። መምህሩም “ፊደል ለይቷል፣ ሰነፍ ነው እንጂ” ይሉታል።

ዙሪያውን የከበበው ጭጋግ ምን ያህል እንደሆነ የታወቀው በ2002 ዓ.ም ነው። በዚያ ዓመት በስምንት ክልሎችና የከተማ አስተዳደሮች የሁለተኛና የሦስተኛ ክፍል ልጆች እያንዳንዳቸው ለብቻ ተቀምጠው ማንበባቸው ተፈተነ። ከሁለተኛ ክፍሎቹ 34 በመቶው ከቀረበላቸው ታሪክ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም፤ 48 በመቶው ስለ ታሪኩ ከተጠየቁት አንዱንም አልመለሱም። ዲስሌክሲያ ብዙውን ጊዜ ከመቶ ልጆች አምስት እስከ አስር በሚሆኑት ላይ ነው የሚገመተው። ሠላሳ አራቱ ሁሉ ፐርሲ ሊሆኑ አይችሉም። አብዛኞቹ የሚያስተምራቸው ያጡ ናቸው። ፐርሲዎቹም ግን እነዚያው መሐል ናቸው። ውጤቱ አስደንግጦ በሰባት የአገር ቤት ቋንቋዎች አዲስ የንባብ መጻሕፍት እንዲዘጋጁ ምክንያት ሆኗል። ትክክልም ነበር። መጽሐፍ ግን ሠላሳውን ያነሳል እንጂ አምስቱን ለይቶ አያወጣም።

መልሱ ያለው፣ እንደሚመስለኝ፣ እዚህ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ሞርጋን መጀመሪያ ችግሩን አወቁ፣ ድጋፉ በኋላ መጣ። ቆቦ ላይ ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት። ልጁ በቂ ትምህርት ሳያገኝ ዲስሌክሲያ አለበት ማለት አይቻልም፤ ስለዚህ መጀመሪያ ትምህርቱን፣ አንድ ለአንድ፣ በደንብ መስጠት ነው። በዚያ የሚነሳው ይነሳል። ያልተነሳው ራሱን ያሳያል። ጆሴፍ ቶርገሰን እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣው ጥናት ይህን በሚገባ ያስረዳል። ከስምንት እስከ አስር ዓመት የሚሆናቸው፣ በንባብ እጅግ የደከሙ 60 ልጆች፣ በቀን ሁለት ጊዜ ሃምሳ ሃምሳ ደቂቃ፣ ለስምንት ሳምንት፣ በድምሩ 67 ሰዓት ተኩል ለብቻቸው ተማሩ። በዓመቱ ከአስሩ አራቱ ልዩ ድጋፍ የማያስፈልጋቸው ሆነው ተገኙ።

ስድስቱ ግን ቀሩ። እነዚያ ናቸው የሚፈለጉት።

አሁን ወደ አገር ቤት። የቄስ ትምህርት ቤቱን ዘዴ ማጣጣል ፋሽን ሆኖ ቆይቷል፤ “ሽምደዳ” ብሎ ማለፍ ይቀላል። እኔ ግን አጠገቡ ቀርቦ ማየት ደስ ይለኛል። ልጁ ሀ ሁ ሂን በዜማ ይወርደዋል፤ ይህ በእርግጥ ሽምደዳ ነው፣ ፊደሉን ሳያይ ሊለው ይችላል። የኔታ ይህን ያውቃሉ። ስለዚህ ቀጥለው አቡጊዳ ያስቆጥሩታል፤ አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ። ሰባቱ ዓይነት ፊደል ከየቤቱ ተለቅሞ ተሰብጥሯል፤ ዜማው የማያድነው ልጅ እዚህ ጋ ይያዛል። ከዚያ ወደ ግዕዝ ንባብ ይገባል፤ የማይሰማውን ቋንቋ ስለሚያነብ ከትርጉሙ ተነስቶ መገመት አይችልም። ዛሬ የንባብ መርማሪዎች ትርጉም የሌለው ቃል ፈጥረው ልጅ ያስነብባሉ፤ ምክንያታቸው ይኸው ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ልጁ በስንደዶው ፊደሉን እየጠቆመ የሚቆጥረው የኔታ ፊት ወይም ከፍ ያለው ተማሪ ፊት፣ ብቻውን ነው። የቁርአን ቤቱም ልጅ ሉሑን ይዞ በተራው ሼሁ ፊት ይቀመጣል። ራያ ላይ አንድ ለአንድ ማስተማር ከውጭ የሚመጣ ነገር አይደለም።

ጉድለቱ ሁለት ነው። አንደኛው፣ “ማ”ን ከፍቶ ውስጡን አለማሳየቱ። ሁለተኛው፣ ያልገባውን ልጅ ምን እናድርገው ለሚለው መልሱ አለንጋ መሆኑ። “ልበ ድፍን” ይባልና ከብት ይጠብቅ ይባላል። ባስ ሲልም አብሾ ይጠጣለት የነበረበት ዘመን ነበር፤ አእምሮ ይከፍታል ተብሎ። አብሾ ግን መርዝ ነው፤ ስንቱን ከፍቶ ስንቱን እንዳሳበደ የጻፈው የለም።

አንድ ለአንዱ ቆቦ ላይ ምን ይመስላል? ውድ ዕቃ አይጠይቅም። ከክፍሉ ጀርባ ጥላ ሥር ሁለት ወንበር፣ ከካርቶን የተቆረጡ ፊደላት፣ ጥቂት የበቆሎ ፍሬ፣ አሸዋ የፈሰሰበት ትሪ። መምህሯ መጽሐፍ አትከፍትም።

“በል እስቲ፣ ማሽላ በል።”

“ማሽላ።”

“ማን ተውና በለው።”

ዝም ይላል። ሌላ ልጅ ቢሆን ወዲያው “ሽላ” ብሎ ይስቅ ነበር፤ ይህ ልጅ ግን ዓይኑን ጨፍኖ ያስባል። መምህሯ አታጣድፈውም። ሦስት ፍሬ ትደረድራለች፤ አንዱ ማ፣ አንዱ ሽ፣ አንዱ ላ። የመጀመሪያውን ፍሬ ታነሳዋለች። “የቀረውን በለው።”

“ሽ... ላ። ሽላ!”

ቀጥላ “ማ፣ ሙ፣ ሳ፣ ሞ፤ ከቤቱ ያልሆነው ማነው?” ትላለች። ሳን ካወጣ፣ ሦስቱ የሚጋሩት ድምፅ ምን እንደሆነ ከንፈሩን ገጥሞ እንዲያሰማት ታደርጋለች፤ “ምምም”። “ማ” የተከፈተው እዚህ ላይ ነው። አሁን ካርቶኑ ይወጣል። “ላም” ይደረደራል፤ ላ በሎ ሲተካ ሎም ይሆናል፣ ሎ በል ሲተካ ልም ይሆናል። የሚቸግረውን ፊደል ድምፁን እየጠራ በጣቱ አሸዋው ላይ ይጽፋል። በመጨረሻ “ሙባሲ”፣ “ዴቶላ” ዓይነት ትርጉም የሌላቸው ሁለት ሦስት ቃላት ያነባል፤ በጭንቅላቱ ሸምድዶ እንዳላለፈ የሚታወቀው በእነርሱ ነው። ሃያ አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው። ነገም እንዲሁ። መምህሯ ደብተሯ ላይ የምትጽፈው ማርክ አይደለም፤ የትኛው ፊደል እንደያዘለት፣ የትኛው እንዳመለጠው፣ ትናንት የያዘው ዛሬ እንዳለ ነው። ትምህርት ብቻ ጎድሎት የነበረ ልጅ በጥቂት ሳምንት ይፈተለካል፤ አንዴ ድምፁና ፊደሉ ከገጠሙለት በራሱ ይሮጣል። ሌላው ትናንት የያዘውን ዛሬ እንደገና ይጀምራል። ስንፍና ቢሆን ኖሮ በየቀኑ ባልመጣ።

እንዲህ ያለ ሥራ በአገራችን ከዜሮ አይጀምርም። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ1994 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ ጆይ የተባለውን የኦቲዝም ማዕከል ሲከፍቱ መነሻቸው ትምህርት ቤት ያልተቀበለው የገዛ ልጃቸው ነበር። እርሳቸው ያወጡት አቡጊዳ ፎነቲክስ የተባለው ዘዴ የአማርኛን ፊደል ከድምፁ እየተነሳ ለእንዲህ ያሉ ልጆች ያስተምራል። ኦቲዝምና ዲስሌክሲያ አንድ አይደሉም፤ ነገር ግን ፊደላችንን በድምፁ በኩል ከፍቶ ለብቻው ለተቀመጠ ልጅ ማቅረብ እንደሚቻል ያሳዩት ሐኪምም ፕሮፌሰርም ሳይሆኑ እናት ናቸው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ክፍል አለው፤ የትምህርት ሚኒስቴርም በ1998 ዓ.ም የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ አውጥቶ በ2004 አሻሽሎታል። በወረቀቱ ላይ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት የሚዘዋወር መምህርና የድጋፍ ማዕከል አለ። ስለ ዓይነ ስውሩና ስለ መስማት የተሳነው ልጅ ሲሆን ወረቀቱ ወደ መሬት ይወርዳል፤ ጉዳታቸው ይታያልና። የማይታየው ነው የሚቀረው።

ማን ይቀመጣል ለሚለው ግን ሚኒስቴሩን መጠበቅ የግድ አይመስለኝም። ስድሳ ልጅ ያለበት መምህር በቀን ከሦስት ልጅ በላይ ለብቻ ማየት አይችልም፤ እውነት ነው። የየኔታ ቤት ይህን የፈታው ትልቁ ተማሪ ትንሹን እንዲያስቆጥር በማድረግ ነው። የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ልጆች የፍሬውንና የካርቶኑን ሥራ በአንድ ሳምንት ይለምዱታል፤ መምህሩ ደግሞ የሚይዙት ደብተሩን ነው፤ ከሚደጋገሙት ውስጥ የማይነሳውን ለይቶ ማውጣት የእርሳቸው ሥራ ነው።

የተለዩት ልጆች ነገር ግን በዚያ አያልቅም። የቶርገሰን ልጆች ከሁለት ዓመት በኋላ ሲፈተኑ ትክክል ማንበባቸው እንደጸና ነበር፤ ፍጥነታቸው ግን ከእኩዮቻቸው ጋር አልደረሰም። እንደተጻፈ የሚነበብ ፊደል ያለው የቆቦ ልጅም የሚቀርበት ይኸው ዝግታ ነው። ጥያቄውን ቢያነቡለት ይመልሰዋል፤ ራሱ እስኪያነበው ግን ደወሉ ይደወላል። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ሰዓት የተቆረጠው ለሁሉም እኩል ነው፤ ለዓይነ ስውር ተፈታኝ አንባቢ ይመደባል፣ ሰዓትም ይጨመራል። ዓይኑ የሚያየው፣ ፊደሉን የሚያውቀው፣ ግን በዝግታ የሚያነበው ልጅ ከርእሰ መምህሩ ቢሮ ገብቶ ጊዜ ይጨመርልኝ ቢል፣ አሁን ባለው አሠራር በእጁ ሊይዘው የሚችል ማስረጃ የመምህሯ ደብተር ብቻ ነው።